አምስተኛው መሣሪያ

እግራችሁ ላይ ያለውን ጫማ እስቲ እዩት። ሶሉን ከቆዳው ጋር ያያዘው ሙጫ ነው፤ ሙጫውን የቀባው ደግሞ ማሽን እንዳይመስላችሁ፣ የሰው እጅ ነው። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ አላውቅም ነበር። አሁን ስላወቅሁ ዝም ማለት አልችልም፤ ዝም በል የሚሉኝ ሰዎችም ሰልችተውኛል።

የምነግራችሁ ስለ አንዲት ጫማ ሰፊ ነው። ጓደኞቿ ለቃሚዋ እንላታለን። ስሙን ያወጣላት ዳቦ የሚያከፋፍለው ሾፌር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ዓይኗ ያረፈበትን ገጽ ሁሉ እየለቀመች ዕልባት አድርጋ ስለምታስቀምጥ። አንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ስፌት መኪናዋ ላይ ጎበጥ ብላ ከጠዋት ጀምራ የጫማ ፊት ትሰፋለች፤ ቀና ስትል አንገቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ታናሽ እህቷን አሳደገች። ከዚያ ወዲህ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው ከስልኳ ነው። የምታነበው በምሳ ሰዓት፣ ዳቦዋን በአንድ እጇ ይዛ ነው። አንብባ ካልጨረሰች ዕልባት ታደርገዋለች፤ አንብባ ከጨረሰችም ታደርገዋለች። «ነገ ብፈልገው ባጣውስ?» ትላለች። ወላጅ የጠፋባት፣ ትምህርት የጠፋባት ሰው ገጽ እንኳ እንዳይጠፋባት ብትፈራ አይፈረድባትም።

አራት ነበርን። እሷ፣ ሾፌሩ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው አብሮ አደጓ ነርስ፣ እና እኔ። እኔ ስልክ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸውን እየፈታሁ፣ ያልተበላሸውንም እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ገጽ መለዋወጥ ሲያምረን ለአራታችን አንድ አካውንት ከፈትኩ። አንድ የይለፍ ቃል፣ አራት ስልክ። አንዳችን ዕልባት ያደረግነው በአራታችንም ስልክ ላይ ይታያል። ቋት ብለን ሰየምነው። ሁሉም በየራሱ አካውንት ሆኖ የሚጋራበት ሌላ መንገድ እንዳለ አውቅ ነበር፤ ግን ለእያንዳንዱ መክፈቱ፣ የየራሱን ቃል ማስታወሱ አታከተኝ። አቋራጩን ወደድኩ።

ቋቱ ውስጥ እንጫወትበትም ነበር። ዕልባት ሲቀመጥ ስሙን መቀየር ይቻላል፤ ስለዚህ በገጹ ስም ፈንታ የልባችንን እንጽፍበታለን። ሾፌሩ አንድ ፍየል ሳይኖረው ስለ ፍየል እርባታ ሰላሳ ገጽ አስቀምጧል። ነርሷ የአንዱን ስም ቀይራ «ፍየሎቹ እስኪወለዱ ባለቤታቸው ይሸብታል» ብላ ጻፈችበት። እሱ ደግሞ እሷ ያስቀመጠችውን የባለ ፎቅ ቤት ፕላን «ደረጃ የሚጠርግ ሠራተኛ እፈልጋለሁ፣ ነርስ ብትሆን ይመረጣል» ብሎ ሰየመው። እንዲህ እየተባባልን ሁለት ዓመት ሄደ።

ታናሽ እህቷ እዚያው ፋብሪካ፣ ሙጫ ክፍል ትሠራለች። ክፍሉን አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ የተበላሸ ደወል ልጠግን ገብቼ ነበር። ሁለት መስኮት አለው፤ አቧራ ሙጫው ላይ እንዳያርፍ ተብሎ ሁለቱም በምስማር ተመትተዋል። ስድስት ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ከክፍት ቆርቆሮ በብሩሽ እየጠቀሱ ይቀባሉ፤ ብሩሽ የማይደርስበትን በጣታቸው። ሽታው መጀመሪያ ይጣፍጣል። ቀጥሎ ግንባር ይይዛል። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስወጣ ያለ ምክንያት እየሳቅሁ ነበር።

አንድ ቀን እህትየው ከሥራ ስትመለስ አንዱ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ መንገድ ላይ ቀርቶ ሳታውቅ ቤት ገባች።

«አንቺ፣ አንዱ እግርሽ ባዶ ነው እኮ» አለቻት ለቃሚዋ።

ልጅቷ ወደ ታች አየችና ሳቀች። «ተኝቶ ነው እትዬ። እኔን ትቶኝ ተኛ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እግሬ እንኳ ከሰሞኑ ነው። ጣቴ ግን ቆየ። ሸሚዝ ትቼ ሹራብ የጀመርኩት ለምን ይመስልሻል? ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ እኮ ነው። ፋሽን መስሎሽ ነበር?»

ለቃሚዋ አልሳቀችም።

የሙጫው ቆርቆሮ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ላዩ ላይ ያለው ወረቀት ይፋቃል። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በማግሥቱ ከቆሻሻው መሀል የወረቀቱ ግማሽ ያልተፋቀ ቆርቆሮ አገኘችና በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ መልቀም ጀመረች። በአንድ ሳምንት አሥራ ሰባት ገጽ ቋቱ ውስጥ ገባ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ይህን ሙጫ በተዘጋ ክፍል ለወራት የሚተነፍስ ሰው መጀመሪያ ጣቱ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ እግሩ ይዝላል፣ ቶሎ ካልራቀ ጨርሶ ላይድን ይችላል። ነርሷ በየገጹ ስም ላይ እየጻፈች ታስረዳት ነበር። «ይሄን ደጋግመሽ አንብቢ።» «ይሄ ቁርጥ የእሷ ነው።» «ከዚያ ክፍል ቶሎ አውጫት።» ለቃሚዋም አንዱ ላይ «ረቡዕ ጠዋት እህቴን ሐኪም ጋ» ብላ ጻፈች።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። ልጅቷን እግሯ ገና ሲራመድ ከዚያ ክፍል ማውጣት። ለምን ሥራውን ትታ አትወጣም ትሉኝ ይሆናል። ያጠራቀመው ነገር ያለው ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ሰው የሚኖርበት ቤት በአንድ ጫማ ሰፊ ደሞዝ አይቆምም፤ ለቃሚዋ ራሷ ሞክራው ስለምታውቅ ነው ልጅቷን እዚያ ያስገባቻት። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ስትነግረኝም ፊቷን አዙራ ነበር።

ሌሎቹ አምስት ሴቶች ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ ኢንተርኔት የለውም። ስለዚህ ከገጾቹ አንዱን አትማ ልትሰጣቸው አሰበች። ፋብሪካው ውስጥ ማተሚያ ያለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ብቻ ነው፤ ጸሐፊዋ የምትጽፍበትም እሱ የሚያነብበትም አንድ ኮምፒውተር ነው። ጸሐፊዋ በምሳ ሰዓት አስገባቻት።

«ቶሎ በይ» አለቻት፣ «ምሳውን በልቶ ሳይመጣ።»

ለቃሚዋ ገጹን ለማግኘት የቋቱን አካውንት ከፈተች። ኮምፒውተሩ፣ ዕልባቶችዎ ከዚህ መሣሪያ ጋር ይመሳሰሉ፣ አንዱ ጋ ያለው ሌላውም ጋ ይታይ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። አዎ ያለችው እኔ ስላስተማርኳት ነው። ለሦስቱም ደጋግሜ የምላቸው ነበር፦ «የሚጠይቃችሁን ሁሉ አዎ በሉት፤ እምቢ ካላችሁት ያኮርፋል።» ይስቁ ነበር። ስድስት ወረቀት አተመች፣ አጣጥፋ ጉያዋ ከተተች፣ ወጣች። አካውንቱ ተከፍቶ ቀረ።

ወረቀቱን የሙጫ ክፍል ሴቶች ተራ በተራ አነበቡት። አንዷ መልሳ ሰጠቻት። «ሙጫው ከረሃቡ ዘግይቶ ነው የሚገድለኝ» አለቻት፣ «አትቸኩይብኝ።»

ሳምንት ሳይሞላ ቋቱ ውስጥ ማንም ያላስቀመጠው ገጽ መጣ። የመጀመሪያው ያገለገለ የጫማ ማሽን የሚሸጥበት ነበር። ሱቄ ተሰብስበን ሻይ እየጠጣን ሾፌሩ አነሳው።

«ፋብሪካ ልትከፍቺ ነው እንዴ? ሾፌር ካስፈለገሽ እኔ አለሁ።»

«እኔ? አንተ መስለኸኝ ነበር» አለችው። «ለፍየሎችህ ጫማ ልታሰፋ።»

ሳቅንና ተውነው። ቀጥሎ የመጣው «በሥራው ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ መክሰስ የሚችለው እስከ ስንት ጊዜ ነው?» የሚል ነበር። ነርሷ ለቃሚዋ ያስቀመጠችው መሰላት፤ ለቃሚዋ ነርሷ። ሁለቱም በልባቸው ተመሰጋገኑ፤ አልተጠያየቁም። አራት ሰው በአንድ ስም ሲኖር እንዲህ ነው። የጎደለውን ሌላው ወስዶት ነው፣ የተጨመረውን ሌላው አምጥቶት ነው።

ማክሰኞ ዕለት የሙጫ ክፍሉ ኃላፊ ወደ እህትየው መጣ። «ነገ ፈቃድ የለም» አላት። «ከላይ የመጣ ነው።»

ልጅቷ ፈቃድ አልጠየቀችም ነበር። ልትጠይቅ ያሰበችው ከሰዓት በኋላ ነው። ማታ ለእህቷ ስትነግራት ለቃሚዋ ማን ሰማን ብላ የጎረቤቱን ግድግዳ አየች።

ከዚያ ገጾቹ መቀነስ ጀመሩ። አሥራ ሰባት የነበሩት አሥራ አራት ሆኑ። በሁለተኛው ቀን ዘጠኝ። ለቃሚዋ ስልኳ የታመመ መስሏት አመጣችልኝ፤ ከፍቼ አየሁት፣ ምንም የለበትም። እጄ ላይ እንዳለ ከቀሩት ከዘጠኙ የአንዱ ስም ዓይኔ እያየ ተቀየረ። «ከዚያ ክፍል ቶሎ አውጫት» የሚለው ጠፋና በምትኩ «እህትሽ ጥሩ ሠራተኛ ናት» የሚል መጣ።

ሾፌሩ ጋ ደወልኩ። «ቀልድህ አላሳቀኝም» አልኩት።

«የቱ ቀልድ?» አነበብኩለት። «እኔ በፍየል ነው የምቀልደው» አለኝ፣ «በልጅቷ አልቀልድም።»

ቅዳሜ ነበር፤ ከሰዓት፣ ለቃሚዋ ግማሽ ቀን ሠርታ ከወጣች በኋላ። ከባንኮኒው ማዶ ቆማ ታየኛለች። ገና ያኔ፣ መጀመሪያ ላይ ላየው የሚገባኝን ነገር ከፈትኩ፤ አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር። አራት ስልክ። አምስተኛው ኮምፒውተር ነበር። ስሙ «ሥራ አስኪያጅ» ይላል፤ ከሥሩ «አሁን በሥራ ላይ»።

ሠራተኞቹ ሥራ አስኪያጁን ፈገግታው ነው የሚሉት። ጮኾ አያውቅም። ሰው ሲያባርር እንኳ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ በር ይሸኘዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጻፍነውን እያነበበ ነበር። ግን ለቃሚዋ አዎ ካለችበት ቀን ጀምሮ የእሱም ወደ እኛ ይፈስ ነበር፤ የእሱ የቆየ ዕልባትም ቋታችን ውስጥ ገብቶ ከታች ተከምሯል፣ ወርደን ስላላየነው እንጂ። ወረድን። ለቃሚዋ ካገኘቻቸው ገጾች አንዱ፣ ስለ ሙጫውና ስለ ነርቭ የሚለው ራሱ፣ እዚያ አለ። የተቀመጠበት ቀን ይነበባል፤ ከሦስት ዓመት ከሁለት ወር በፊት። እህትየው ያን ጊዜ ገና አልተቀጠረችም ነበር። ከእሱ ቀጥሎ በሁለት ቀን ልዩነት ሌላ ገጽ፤ ጉዳት የሌለው ሙጫ የሚሸጥበት። ስሙ ተቀይሮ አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበታል። «ውድ።»

ለቃሚዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ያውቅ ነበር» አለች። ድምፅዋ ሥራ ላይ እንዳለች ሁሉ ጸጥ ያለ ነበር።

ፎቶ አነሳሁት፣ ሁለቱንም ገጽ ከነቀናቸው። ከዚያ ግን ንዴቴ ቀደመኝ። ያ ሰውዬ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እዚያ ቁጭ ብሎ እያየን እንደሆነ ሳስብ ደሜ ፈላ። አምስተኛውን መሣሪያ «አስወጣ» ብዬ ተጫንኩት። ከዝርዝሩ ጠፋ። አራት ስልክ ብቻ ቀረ። የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ፎቶ ሳላነሳ።

ሰኞ ጠዋት ለቃሚዋና እኔ የመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድን። ያነጋገረን ሰው ክፉ አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ስልኩን አቀረበና በደንብ አየው።

«ይህ የገጾች ዝርዝር የማን ነው?»

«የአራታችን» አለችው።

«መክፈቻ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«አራታችንም።»

«ስለዚህ አራታችሁም ልታስቀምጡበት፣ ስሙንም ልትለውጡ ትችላላችሁ።»

«ግን ያስቀመጠው እሱ ነው፤ በእሱ ኮምፒውተር ነው።»

«ኮምፒውተሩ የታል? እኔ የማየው አራት ስልክ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ስልክ ጠጋኝ ነህ አሉ። ቀኑ የድሮ ነው ትላላችሁ። በስልክ ላይ ቀን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል ወይስ አይቻልም?»

«ይቻላል» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«እንግዲህ» አለና ስልኩን መለሰልን። «የሐኪም ወረቀት አምጡ። አብረው የሚሠሩት በየስማቸው ይጻፉ፣ በየእጃቸው ይፈርሙ። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ይዤ ሰው አልጠራም።»

ተሳድቤ ወጣሁ። ልክ ነበር እኮ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ከሰዓት ሥራ ስትገባ ፈገግታው አስጠራት። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እህትሽን ጣቷን ያማታል ይባላል» አላት።

«አዎ።»

«እኔ ጨካኝ ሰው አይደለሁም። ማሸጊያ ክፍል ቦታ አለ፤ ሳጥን ማጠፍ ነው፣ ቀላል ነው። ከነገ ጀምሮ ትግባ። ችግሩ፣ ሙጫ ክፍል አንድ ሰው ሊጎድለኝ ነው።» እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። «አንቺ ደግሞ ስለ ሙጫ ብዙ የምታነቢ ሰው ነሽ።»

«እርስዎስ ስለ ሙጫው ምን ያውቃሉ?»

«ያጣብቃል» አላት፤ ፈገግ አለ።

ያን ዕለት ቤታቸው ነበርኩ። አንድ ክፍል ናት፤ ሁለት አልጋ፣ መሀሉ ላይ ሳጥን። ልጅቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታለች፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

«እትዬ፣ አትገቢም» አለች። «ብትገቢ እኔ ሥራውን ትቼ እወጣለሁ።»

«ወጥተሽ የት ልትሄጂ?»

«የትም።»

«የትም ደሞዝ አይከፍልም። ሳጥንሽን እጠፊ።»

እኔም ጮህኩ። ውጪ፣ ክሰሺ፣ ጋዜጣ እንጥራ፣ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። ሰማችኝና፣ «አንተ ጠጋኝ፣ ጨረስክ?» አለችኝ። «የሠራተኛ ጉዳዩ ሰው በየስማቸው በየእጃቸው ነው ያለው። ሴቶቹ ከክፍሉ ውጪ ቆሜ ስለምነግራቸው አይፈርሙልኝም። አጠገባቸው ልቀመጥ። እህቴም ትውጣልኝ።»

በማግሥቱ ገባች። ልጅቷ ማሸጊያ ክፍል ገባች፤ ሐኪሙም አያት፣ ቶሎ ስለወጣች ጣቷ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል ብሏል። ሊመለስ ይችላል ነው ያለው።

ለቃሚዋ ዕልባት ማድረግ ትታለች። ባለ መስመር ደብተር ገዝታ ጠረጴዛው ሥር ታስቀምጣለች። በየቀኑ ቀኑን፣ የተከፈተውን ቆርቆሮ ብዛት፣ መስኮቱ መዘጋቱን ትጽፋለች። ከሥሩ እያንዳንዷ ሴት የሚሰማትን በገዛ እጇ ትጽፋለች፤ ትፈርማለች። መጀመሪያ ላይ አንዷ ብቻ ናት የፈረመችው። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሆኑ። ያቺ አትቸኩይብኝ ያለቻት ሴት ግን ደብተሩን እንኳ አላየችውም። ለቃሚዋን ስንት ገጽ ሲሞላ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ እንደምትወስደው ብጠይቃት፣ «ሁሉም ሲፈርሙ» አለችኝ። እስከዚያ ጣቶችሽ ቢቀድሙሽስ ማለት ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ፈገግታው ሙጫ ክፍል ገባ። ገብቶ አያውቅም። መሀረብ አፍንጫው ላይ ይዟል። በጠረጴዛው ዙሪያ ቀስ ብሎ ሄደና ኋላዋ ቆመ፤ ደብተሩ ያን ጊዜ ጉልበቷ ላይ ተከፍቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ አንሥቶ ገለጠው። ከፊተኛው ገጽ እስከ ኋለኛው። ከሴቶቹ አንዷም ቀና አላለችም።

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አላት በመሀረቡ ውስጥ። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አድርጎ አሳያት። «መጀመሪያ ላይ ነው እንጂ። አሁን ፊደሉ ከመስመር እየወጣ ነው፣ አይተሻል?»

አላየችም ነበር። አየች። እውነቱን ነው።

ደብተሩን ጉልበቷ ላይ መልሶ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ለቃሚዋ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ መጨበጧን ለማረጋገጥ ጣቶቿን አየቻቸው። ሰዓቱን ጻፈች። እሱ ያለውን ቃል በቃል ጻፈች። አፍንጫውን ሸፍኖ እንደነበረ ጻፈች። ከዚያ ደብተሩን ለአምስቱ ሴቶች አዞረችው።

ሦስቱ ፈረሙ።